ሳይጠየቅ የተወሰደው ፎልደር

እትዬ ካሜራ የምንላቸው ፎቶ አንሺ በቃጠሎ ክሊኒካችን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል። ሙሽራና የልደት ኬክ አይደለም የሚያነሱት፤ ቁስል ነው። ሐኪሙ ቁስሉ እየዳነ መሆኑን የሚያውቀው እሳቸው በየሳምንቱ ያነሱትን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጎ ሲያይ ነው። እኔ ካርድ ክፍል ስለነበርኩ የሚለየን አንድ ስስ ግድግዳ ብቻ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ታካሚ የሚሉትን በቃሌ አውቀዋለሁ። «አይዞሽ የኔ እናት፣ ይቺን ከእኔና ከሐኪምሽ በቀር የሰው ዓይን አያያትም።» ይህን ሳይሉ ካሜራ አንስተው አያውቁም።

ሥራ አስኪያጃችን አንድ ቀን የኮምፒውተር ባለሙያ አምጥቶ በየክፍሉ ያሉትን ኮምፒውተሮች በሙሉ ከኢንተርኔት ማከማቻ ጋር አገናኘ። «ከእንግዲህ ኮምፒውተር ቢበላሽ እንኳ ፋይል አይጠፋም፤ ሁሉም በራሱ ወደ ላይ ይወጣል» ተባልን። ደስ አለን። የትኛው ፎልደር ይውጣ፣ የትኛው ይቅር ብሎ እትዬ ካሜራን የጠየቀ ግን አልነበረም። አንድ ሰው እንኳ!

በሦስተኛው ሳምንት ጉዱ ወጣ። የታካሚዎች መጠበቂያ አዳራሽ ውስጥ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል፤ ፋሻ እንዴት እንደሚቀየር፣ እጅ እንዴት እንደሚታጠብ የሚያሳዩ ሥዕሎች ይፈራረቁበታል። ለካ ሥዕሎቹን የሚያመጣው ከዚያው ማከማቻ ኖሯል። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ የአንዲት ሴት የተቃጠለ ደረትና አንገት ቴሌቪዥኑን ሞልቶ ቦግ አለ።

ሴትየዋ ልብስ ሰፊ ናት። የእንፋሎት ካውያ ፈንድቶባት ሁለት ወር ስትመላለስ ቆይታለች። በዚያች ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ከባሏ እህት ጋር ተቀምጣ ተራዋን ትጠብቃለች። ፎቶው ላይ ፊቷ ባይታይም፣ የባሏ እህት ከአንገቷ ሥር ያለችውን ጥቁር ነጥብ ለየቻት።

«ውይ! ይሄ ያንቺ አይደለም እንዴ?» አለች ጮክ ብላ።

ሰው ሁሉ ዞረ። ልብስ ሰፊዋ ሻርፗን እስከ አገጯ ስባ፣ ሳትታከም ወጥታ ሄደች።

እትዬ ካሜራ ጫጫታውን ሰምተው መጡ። ቴሌቪዥኑን ቀና ብለው አዩና ሶኬቱን መንጭቀው ነቀሉት። ከዚያ ሳያንኳኩ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገቡ። እኔም ተከተልኳቸው።

«በማን ፈቃድ ነው?»

«እትዬ፣ ይረጋጉ እንጂ። ሲስተሙ ነው፤ በራሱ ነው የሚያደርገው።»

«በራሱ? ሲስተሙ እግር አውጥቶ መጣ? ያመጣኸው አንተ ነህ! እኔ ቃሌን የሰጠሁት ለሰው ነው፤ የሚጠየቅልኝም ሰው ነው!»

ባለሙያው ተጠርቶ መጣ። «ቀላል ነው» ብሎ የእሳቸው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠና ከፎልደሮቹ ዝርዝር ውስጥ «ታካሚዎች» ከሚለው አጠገብ ያለችውን ምልክት አጠፋት። ፎልደሩ ከዓይናችን ሥር እልም አለ።

«የት ገባ?»

«አይጨነቁ፣ ላይ አለ። ምልክቱ ሲጠፋ የእርስዎ ኮምፒውተር ላይ አይቀመጥም፣ ማከማቻው ውስጥ ግን ይኖራል።»

«ቆይ፣ ቆይ። ከዚያ አውርድልኝ ስልህ ከእኔ ወስደህ እዚያ ተውከው? ሌባ አስወጡልኝ ብዬ ብጮህ የቤቱን ባለቤት አስወጣችሁ ማለት እኮ ነው!»

ባለሙያው ሊስቅ ብሎ፣ ፊታቸውን ሲያይ ሳቁን ዋጠው።

እትዬ ካሜራ ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡ። ባለሙያው ምልክቷን መለሳት፤ ፎልደሩ እስኪወርድ ጠበቁ። ማከማቻው ወደማይደርስበት የኮምፒውተሩ ክፍል አዛወሩት፤ ወደ ላይ የወጣውንም አጠፋው። ሊነሳ ሲል እጁን ያዙት።

«አሁን በቃ? የትም የለም?»

«የተጣለ ፋይል ለሠላሳ ቀን ቅርጫት ውስጥ ይቆያል እንጂ...»

«ቅርጫቱንም ድፋልኛ!»

ደፋው። እሳቸው ግን አላመኑትም፤ የሥራ አስኪያጁ ላፕቶፕ ላይ ሳይቀር እየዞሩ በዓይናቸው አረጋገጡ።

በማግስቱ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «በተፈጠረው የቴክኒክ ችግር ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። እትዬ ካሜራ «በተፈጠረው የቴክኒክ ችግር» የሚለውን በእስክሪብቶ ሰርዘው «ባጠፋነው ጥፋት» ብለው ጻፉበት። ሥራ አስኪያጁ አየው፤ ለማንሳት ግን አልደፈረም። ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሄዶ ይቅርታ ለመጠየቅም እግሩን አላነሳም።

የሄዱት እሳቸው ናቸው። ልብስ ሰፊዋን ሱቋ ውስጥ የስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ አገኟት።

«እርስዎ አይደሉም እኮ ያሳዩኝ» አለች ቀና ሳትል።

«ቃል የገባሁልሽ ግን እኔ ነኝ።»

«ያቺ የባሌ እህት ለሰፈሩ ሁሉ አውርታለች» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቁስሉ ሲያመረቅዝባት በጓሮ በር በኩል ወደ ክሊኒኩ መጣች። ፎቶ ግን በጭራሽ አለች። ሐኪሙ ቁስሉን እየለካ በወረቀት መዘገበ፤ ማስመሪያውን የያዙለት እትዬ ካሜራ ነበሩ።