ለጉማሬ የመጣው ሐኪም

እርጥብ ቆዳ የሚሸትበት ቦታ ዛሬም አልቆምም። ትናንት ወረታ ገበያ ቆዳ ነጋዴው ክምሩን ሲገልጠው ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፤ የሄድኩበትን ጨው እንኳ ሳልገዛ ተመለስኩ። ልጆቼ «ምን ሆነሽ ነው?» አሉኝ። ስንቱን ልንገራቸው፣ ደከመኝ እኮ። ላንተ ልንገርህና ይውጣልኝ።

በንጉሡ ጊዜ ነው። እኔ ልጃገረድ ነበርኩ፤ ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ለጥር ሊዳር ተዘጋጅቶ ነበር። በዚያ ዓመት ውኃው ከፎገራ ሜዳ ሸሽቶ ጭቃው መሰነጣጠቅ ሲጀምር፣ ጣና ዳር ጉማሬ ይሞት ጀመር። ሆዱ ተነፍቶ፣ ካፍንጫው ጥቁር ደም እየወረደ ይገኛል። ነፋሱ ወደኛ የዞረ ቀን እህል አይበላም ነበር።

ይህን ሊመረምር አንድ የከብት ሐኪም መጣና ድንኳኑን ከደጃችን ማዶ ተከለ። ከሲታ ነው፣ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል። አባቴ «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ! ለሰው ያልደረሰ ሐኪም ለጉማሬ መጣ!» ብሎ ሳቀበት። ሰውየው አልተቀየመም። ቀኑን ሙሉ ጭቃ ሲረግጥ ይውላል፤ ከሞተው ጉማሬ ደም ወስዶ መስተዋት ላይ ይቀባና በማጉያው ያያል፤ አፈሩንም ሣሩንም ይለቅማል።

በመጨረሻ አገሬውን ሰብስቦ «አባሰንጋ ነው» አለ። «በሬ የሚገድልባችሁ ያው ነው። አፈር ውስጥ ይቆይና ሣሩን ከሥሩ ሲግጡ ይይዛቸዋል። ሰውም ይገድላል። ሬሳ የነካ፣ ቆዳ የገፈፈ ካለ ይንገረኝ፤ መድኃኒቱን ይዣለሁ።»

ማን ይተንፍስ? ያለ ፈቃድ ጉማሬ የነካ ይታሰራል ይባል ነበር። ወንድሜ እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ። ሙሽራ ሆኖ በቅሎ ላይ ሲወጣ ለሚይዘው አለንጋ ብሎ ከሞተ ጉማሬ ቆዳ ገፎ ነበር። ክንዱ ላይ መሐሉ የጠቆረ ቁስል ወጥቶበታል። «ምንም አያመኝም» ይለን ነበር፤ እውነትም አያመውም ነበር።

በማግስቱ ሐኪሙ ደጃችን ላይ ቆመ። «እናቴ፣ እንዴት አደሩ? እዚህ ቤት የታመመ ሰው አለ?»

«ኧረ የለም ጌታዬ። ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለችው እናቴ።

ወንድሜ ጓዳ ነበር። ሐኪሙ ሲርቅ አባቴ «ደግ አደረግሽ፤ ዝም አይነቅዝም» አላት።

ሁለት ቀን ቆይቶ የወንድሜ ክንድ እስከ አንገቱ አበጠ፤ ሰውነቱ እንደ ምድጃ ነደደ። እናቴ ነጠላዋን ሳትደርብ ወደ ድንኳኑ ሮጠች። ሐኪሙ ከፊቷ ቀድሞ ደረሰ፤ መርፌ ወጋው፣ ከራስጌው ሳይነሳ ዋለ። ከብቱ ሲገባ ወንድሜ አረፈ። ወይኔ ወንድሜን! ያን የመሰለ ሸንቃጣ!

«ምነው እናቴ፣ ጠይቄዎት አልነበረም?» አላት ሐኪሙ። ቁጣ አልነበረውም፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። አለንጋውን ከነቆዳው በገዛ እጁ አቃጠለው።

እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረች። ወደ ይፋግ የሚወርድ መንገደኛ ውኃ ሊለምን ደጃችን ቆሞ «እንዴት ዋላችሁ?» ሲላት፣ እንደ ሰው «ደህና» ብላ አትመልስም። «ልጄ የጉማሬ ቆዳ ገፎ ነበር» ትለዋለች፤ «ክንዱ ላይ ቁስል አለው።» ሰውየው ቅሉን እንደያዘ ግራ ገብቶት ያያታል። እሷም መልስ የምትጠብቅ ይመስል ዓይን ዓይኑን ታየዋለች።