አጎበሩ እስኪወርድ

ልጅ እያለሁ ሰማይ የማየው እናቴ አጎበሩን እስክታወርደው ድረስ ብቻ ነበር። ባደግሁበት በሽንፋ ሙቀቱ ሲጠና ቤት ውስጥ አይተኛም፤ አንገረብ የምንለውን በጠፍር የተጠለፈ አልጋ ግቢ አውጥተን፣ አጎበር በእንጨት ወጥረን ነበር የምናድረው። ቢንቢ የምትበረታው ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። እናቴም "ሳይደርቅ በእርጥቡ" ትልና እኛን በጊዜ መሸጎጥ ነው። ከአጎበር ውስጥ ሲታይ ደግሞ ሰማዩ ዱቄት የተነሰነሰበት ጨርቅ ይመስላል፤ አንዱን ኮከብ ከሌላው መለየት አይቻልም።

ስለዚህ እሷ የእራት ዕቃ አጣጥባ እስክትመጣ ያለችው ጥቂት ጊዜ የኔ ነበረች። በጀርባዬ ተንጋልዬ ኮከቦች አንድ በአንድ ሲወጡ እጠብቃለሁ።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል የሳይንስ አስተማሪያችን፣ በማግስቱ ማታ ቬነስና ጁፒተር በምዕራብ በኩል ተጠጋግተው እንደሚታዩ ነገረን። በጊዜ ይጠልቃሉና እንዳያመልጣችሁ፣ እንዲህ ሆነው ቶሎ አይገኙም አለን። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም።

በማግስቱ ግን ወባ ያንቀጠቅጠኝ ጀመር። እናቴ ጤና ጣቢያ ወስዳ መድኃኒት አስወስዳኝ ስንመለስ ገና በብርሃን አጎበር ውስጥ ከተተችኝ። አንገረቡ ያለው ከቤቱ በስተምሥራቅ ስለነበር ምዕራቡን ጣራው ጋርዶታል። አለቀስኩ። የማለቅሰው ለወባው አልነበረም።

አባቴ የትራክተር ሹፌር ነበሩ። ከእርሻ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተቱ ገቡና ምን ሆና ነው አሉ።

"በዚህ ትኩሳት ኮከብ ልይ ትላለች" አለች እናቴ።

አባቴ ጎረቤታችንን ጠሩና አንገረቡን ከነእኔ ተሸክመው ከቤቱ ጀርባ አዞሩት። ከዚያ የአጎበሩን አንድ ወገን ገለጡልኝ፤ ሸሚዛቸውን አወለቁና በእሱ እያራገቡ አጠገቤ ቆሙ።

"ልጅቱን ለቢንቢ ልታስበላት ነው?" አለች እናቴ።

"እኔን ይብሉኝ። እሷን አያገኟትም።"

ሁለቱ ከሱዳን በኩል ባለው ሰማይ ላይ ነበሩ። አንዷ ነጭና ደማቅ፣ ሌላው ፈዘዝ ያለ፤ አንዲት ጣት ሁለቱንም ትሸፍናለች። ዛፎቹ እስኪውጧቸው ድረስ አየሁ። አባቴ እጅ ይለዋውጡ ነበር እንጂ ማራገቡን አላቋረጡም።

ብዙም ሳይቆይ ወባው እሳቸውን ጣላቸው። የእርሻ ወቅት ነበርና ትራክተሩን ሌላ ሰው ነዳው። እናቴ ሾርባ እያቀረበች "እንግዲህ ኮከቦቹ መጥተው ይንዱልህ" ትላቸው ነበር።

አሁን ሸሕዲ ውስጥ ነርስ ነኝ። ተረኛ ባልሆንኩበት ማታ መብራት ከጠፋና ልጄ ከተኛች፣ ያገለገለ ባይኖኩላር ይዤ ደጅ እወጣለሁ። የቱ ኮከብ የት እንዳለ ስልኬ ይነግረኛል። የጁፒተርን ጨረቃዎች አይቻለሁ። ጊዜዬ ዛሬም አጭር ነው፤ መብራቱ ይመጣል፣ ልጄ ትነቃለች። ያመለጠኝ አመለጠኝ ብዬ እገባለሁ። ለኮከብ ማልቀስ ቀርቷል፤ ማልቀሱ ራሱ ይናፍቀኛል።

በቅርቡ አባቴ ሊጠይቁኝ መጥተው ነበር። ደጅ ተቀምጠን ሳለ፣ ያኔ ሁለቱ ኮከቦች ለእርስዎስ እንዴት ታዩዎት ብዬ ጠየቅኋቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ አብረን ያየናቸው ይመስለኝ ነበር።

"እኔ መች ሰማይ አየሁ ልጄ" አሉኝ። "ቢንቢ ስጠብቅ አይደል የቆየሁት።"