የአማቴ ሳፋ

ሚስቴ ፋብሪካ ውስጥ የፕላስቲክ ሳፋ ታመርታለች። የሥራ ባልደረቦቿ «እሜቴ ሳፋ» ነው የሚሏት። ቤታችንማ ምኑ ቅጡ! ልብስ የምናጥበው በሳፋ፣ ሽንኩርቱ በሳፋ፣ ጣሪያው ሲያፈስም የምንደቅነው ሳፋ። እኔን ሳፋ ውስጥ አለማስተኛቷም ተመስገን ነው።

አማቴ ጉልበታቸውን ቢያማቸው ከእኛ ጋር እንዲኖሩ አመጣናቸው። እሳቸው ግን ልብሳቸውን ከሻንጣ አላወጡም። ሚስቴ ሻንጣውን ባየች ቁጥር «እናቴ ጥላኝ ልትሄድ ነው» እያለች ሆዷ ይባባል።

«እማዬ፣ ምን ጎደለሽ?» አለቻቸው አንድ ቀን።

አማቴ ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሰፊ ነበሩ። «እኔ የሰፋሁትን ቀሚስ ከሺህ መሃል እለየዋለሁ» አሉ። «ይሄ ሁሉ ሳፋ አንድ ዓይነት ነው። አንቺ የሠራሽው የቱ ነው?»

ሚስቴ ሳፋዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። እኔ ደሜ ፈላ። «እንዴ! ከነዳጅ የሚገኘውን ጋዝ ሌላ ፋብሪካ በሙቀትና በግፊት አያይዞ እንደ ሩዝ ፍሬ ያደርገዋል። እሷ ፍሬውን ከቀለም ጋር ማሽኑ ውስጥ ትጨምራለች። ይቀልጣል፣ ሞልድ በሚባለው ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይገፋል፣ ሲቀዘቅዝ ሳፋ ሆኖ ይወጣል። አይዝግ፣ ቢወድቅ አይሰበር!»

«እሳት አጠገብ ብታስቀምጠውስ?»

«እሱማ... ይጣመማል።»

«አየህ!» ብለው አፌን አስያዙኝ።

በማግስቱ ፋብሪካው ከቀይ ወደ ሰማያዊ ቀለም ይቀይር ነበር። ማሽኑ ውስጥ የቀረው ቀይ እስኪያልቅ የሚወጡት ሳፋዎች ዝንጉርጉር ናቸው። ለገበያ ስለማይሆኑ ተፈጭተው እንደገና ይቀልጣሉ። ሚስቴ አንዱን ከመፍጫው አፍ ላይ አነሳች። «ለእናቴ ነው» ብላ ኃላፊዋን ለመነችው፤ እሱም እየሳቀ ፈቀደላት።

ቤት አምጥታ እናቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው። ከጠርዙ ቀይ ሆኖ ወደ ታች እየተጠማዘዘ ሰማያዊ ይሆናል።

«እማዬ፣ የኔ ይሄ ነው። እንደሱ ያለ ሁለተኛ አይወጣም።»

አማቴ መነጽራቸውን አድርገው አገላበጡት። ቀለሞቹ የሚገናኙበትን ቦታ ስፌት እንደሚፈትሹ በጣታቸው ተከተሉት። ከዚያ ወለሉ ላይ አስቀመጡት። አይ፣ አልወደዱትም ብዬ አዘንኩ።

ጠዋት ካልሲዬን ላጥብበት ብፈልገው ሳፋው የለም። ጎንበስ ስል አማቴ አልጋ ሥር አየሁት፤ ልብሳቸው ተጣጥፎ ሞልቶታል። ሻንጣው ባዶውን በሩ ጥግ ቆሟል። ሚስቴን ጠራኋት፤ አይታ እየሳቀች አለቀሰች።

«አንተ!» አሉኝ አማቴ ከኋላዬ። «ሻንጣውን ቁም ሳጥኑ ላይ አውጣልኝ። ሳፋውን ግን እንዳትነካ፣ ልጄ የሠራችው ነው!»