ጠዋት ጠዋት የማነሳው ግንብ

የረጠበ አፈር በሸተተኝ ቁጥር ያ ግንብ ፊቴ ይደቀናል። ቁስቋም አካባቢ በተከራየንበት ግቢ ጓሮ፣ ዳገቱን ደግፎ የቆመ የድንጋይ ግንብ ነበር። አደጋውን መጀመሪያ ያየሁት በስልኬ ላይ ነው። አንድ የነሐሴ ቀን፣ የክረምት መግቢያውን ፎቶና የዚያን ዕለቱን እያገላበጥኩ ሳይ፣ ግንቡ ሆዱ ተነፍቷል፤ የልብስ ገመዱን ሊነካ ምንም አልቀረው።

ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ የመጀመሪያ ልጄ ገና ከጀርባዬ አልወረደችም። ትምህርት ብዙም አልገፋሁ። እህቴ ከቤሩት ባለካሜራ ስልክ ስትልክልኝ ግን አበድኩ በቃ! በየጠዋቱ ከደጃፌ ቆሜ ያንኑ ግንብ አነሳ ነበር። ፀሐይ በባሕር ዛፎቹ መሃል ሾልካ ስታርፍበት አንድ ቀን ወርቅ ይመስላል፣ ሌላ ቀን አመድ። አንዳንዴ ድመት ተኝታበት አገኛለሁ። "ዛሬስ ምን ይመስል ይሆን?" እያልኩ ከአልጋዬ ዘልዬ ነበር የምነሳ። ያ ስልክ ዛሬ የለም፤ አመሉ ግን እስካሁን አልለቀቀኝም።

አከራያችን ይስቁብኝ ነበር። ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ መኝታቸው ከግንቡ ሥር ነው። "አንቺ፣ ድንጋይ ከምታነሺ እኔን ብታነሺኝ ምናለ? እኔም እኮ ቆንጆ ነበርኩ!"

የዚያን ቀን ልጄን አዝዬ ወደ እሳቸው ሮጥኩ። ፎቶዎቹን ባሳያቸው፣ "ይሄ ግንብ አንቺ ሳትወለጂ የቆመ ነው፤ ሂጂ ወዲያ!" አሉኝ። ሰማዩ ያጉረመርማል። ልጄን ይዤ ልውጣ፣ እሳቸውስ? ድንገት መላ መጣልኝ።

"እትዬ፣ በቃ ዛሬ ላንሳዎት። እዚህ ግን ጨለማ ነው፤ ታች አስፋልቱ ጋ እንውረድ።"

ፊታቸው በራ። "ታዲያ እንዲህ ሆኜ?" ብለው ሳጥናቸውን ከፈቱ። ቀሚስ አወጡ፣ ነጠላ አማረጡ፣ ጠጉራቸውን አበጠሩ። ከግንቡ ጠጠር ሲንከባለል ይሰማኛል።

"እትዬ በናትዎ፣ ብርሃኑ ሄደብን!"

"ምን ያጣድፍሻል? ሙሽራ ይጣደፋል እንዴ?"

ክንዳቸውን ይዤ በዶፍ ቁልቁል ወረድን። አስፋልቱን እንደረገጥን ከላይ አንድ ከባድ ድምፅ ጓ አለ። ዞር ስንል የመኝታቸው ጣሪያ የለም፤ ድንጋይና ጭቃ ብቻ ነው።

"ቤቴ" አሉ። ከነጠላቸው ውሃ እየተንጠባጠበ፣ እጃቸውን በልጄ ራስ ላይ አሳረፉ።

እቅፍ አደረግኳቸው። "ወጥተናል እትዬ" አልኳቸው። "ሦስታችንም ደህና ነን።"