ከኤሲው ድምፅ ሌላ

በሰው አገር፣ ቡላኦስ በሚባል ሰፈር፣ የምሠራበት የጨርቅ ሱቅ ከቀትር በኋላ ይዘጋል። ከተማው ጫቱን ይዞ ጥላ ሲገባ፣ እኔ ከጣቃዎቹ መሀል ተቀምጬ በቴሌግራም ቡድናችን ልብ ወለድ ጮክ ብዬ አነባለሁ። የሚሰሙኝ በየሰው ቤት የሚሠሩ ያገሬ ልጆች ናቸው። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሴት ከሆንኩ በኋላ ስለሆነ ይሆናል፣ አንዲት ቃል ከሳትኩ ዐረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው እደግመዋለሁ። በጽሑፍ ይስቁብኛል።

አሠሪዎቻቸው የሚተኙበት ሰዓት ስለሆነ መናገር አይችሉም። ስለዚህ ምዕራፉ ሲያልቅ ሁሉም በየተራ ማይካቸውን ለአፍታ ይከፍታሉ። የካውያ እንፋሎት፣ የሳህን ኳኳታ ይሰማል። አለሁ ማለታቸው ነው። አንዷ ሁልጊዜ ስታላምጥ ነው የምትሰማው፤ "ማዳም ሳትነቃ ዋጪው" ብለው ይጽፉላታል።

ሀራሙስ፣ ሀብታሞቹ ሰፈር፣ የምትሠራዋ ልጅ ማይክ ስትከፍት ድሮ ውኃ ሲወርድ እንሰማ ነበር። አሠሪዎቿ ሙቀቱን ሸሽተው ፈረንሳይ ሲሄዱ ቤቱን ጠብቂ አሏት። ከዚያ ወዲህ የሚሰማው ኤሲው ብቻ ሆነ። ለብቻዋ ደወልኩላት። ከአልጋ መነሣት እንዳቃታት፣ ምግብ እንዳስጠላት፣ የሰው ድምፅ የምትሰማው እኔ ሳነብ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። ሐኪም ቤት ልውሰድሽ ብላት፣ የበሩ ቁልፍ ዘበኛው ጋ ነው አለችኝ።

ዓርብ ዳቦና ሙዝ ይዤ በሚኒባስ ሄድኩ። ዘበኛው ክፉ ሰው አልነበረም። ፈረንሳይ ድረስ ደውሎ እንድትወጣ ጠየቀልኝ፤ ማዳም አልፈቀደችም። ዳቦውን እንደሚያስገባላት ነግሮኝ የራሱን ወንበር ጥላው ላይ አደረገልኝ። እዚያው ተቀምጬ ደወልኩላት።

"ግንቡ ሥር ነኝ። ምን ላድርግልሽ?"

"ያንብቡልኝ፣ እትዬ።"

"መጀመሪያ ትንሽ ቅመሺ።"

"መጀመሪያ ያንብቡልኝ።"

አነበብኩላት። ልብ ወለድ ለዚህ እንደማይበቃ አውቃለሁ፤ ሌላ የያዝኩት ነገር አልነበረም። አንድ ቃል ሳትኩ፤ አልደገምኩትም።

በማግስቱ ምዕራፉ አለቀ። ማይኮቹ ተከፈቱ። ካውያው መጣ፣ ሳህኑ መጣ፣ በላተኛዋም መጣች። መጨረሻ ላይ የሀራሙሷ ልጅ ተከፈተ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ የዳቦው ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ይሰማኝ እንደሆን ጠበቅኩ።

ኤሲው ነበር። አለች ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ የማውቀው የለም።

ደንባችን በቀን አንድ ምዕራፍ ነበር። ማይኳን እስክትዘጋ አልጠበቅኩም፤ ገጹን ገልጬ የሚቀጥለውን ጀመርኩ።