ዳባትን አልፈን የሄድንበት ቀን

የባለቤቴ እናት ካረፉ በኋላ ቤታችን ዝም አለ። ባለቤቴ ሥራዋን አላቆመችም፤ ደባርቅ ትምህርት ቤት ሄዳ ሕፃናቱን አስተምራ ትመለሳለች፣ ራት ታቀርባለች። ብቻ አትናገርም። እንቅልፍም አይወስዳትም። ዳባት ያለው የእናቷ ቤት እንደተቆለፈ ነበር። "ሄደን እንክፈተው" ስላት "ቆይ" ትለኛለች።

በዚያው ሰሞን መኪናዬም ድምፅ አመጣች። እንግዶችን ወደ ተራራው፣ አንዳንዴም እስከ በየዳ የማመላልስባት፣ አራቱም ጎማዋ የሚጎትት አሮጌ መኪና ናት። ድንጋዩ ሆዷን እየፋቀ ቢያስቸግረኝ ጎንደር ወስጄ ሞላዎቿን በረጃጅም አስቀየርኩና ከፍ አስደረግኋት። ከዚያ ወዲህ ከሥሯ እምምም የሚል ድምፅ ይሰማ ጀመር። ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ነው ተብሎ የአራቱም ተቀየረ፤ ድምፁ ግን እዚያው ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ ጥቁር ነጠላዋን ደርባ፣ የእናቷን ቤት ቁልፍ ጨብጣ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። ምንም ሳልጠይቃት አስነሣሁ። ጉሙ አስፋልቱ ላይ ተኝቷል። ባሕር ዛፎቹ ግንዳቸው ብቻ ይታያል፤ ገብስ የጫኑ አህዮች ከነጩ ውስጥ ብቅ ብለው መልሰው ይጠፋሉ።

"ምንድን ነው እንዲህ የሚያንጎራጉረው?" አለችኝ ድንገት።

"እኔም እሱን ነው የምፈልገው።"

"እስቲ ነዳጁን ልቀቀው።"

እግሬን አነሣሁ፤ ድምፁ ጠፋ። ረገጥኩ፤ ተመለሰ።

"ስትጎትት ብቻ ነው" አለች።

መሪውን ቀስ እያልኩ ግራና ቀኝ አወዛወዝኩት። የጎማ ቢሆን ኖሮ የመኪናዋ ክብደት ወዲያና ወዲህ ሲል ድምፁ ይለወጥ ነበር፤ አልተለወጠም። እሷ በወንበሮቹ መሀል ሾልካ ኋላ ተጋደመች።

"እዚህ አይሰማም። ከፊት ነው፤ ከእግርህ ሥር።"

ቁልቁለቱ ላይ ካምቢዮውን ነፃ አደረግሁና መኪናዋን ለቀቅኋት። ነፋሱ ብቻ ቀረ።

"አሁንስ?" አልኩ።

በመስታወቱ ሳያት እጇን ከጉንጯ ሥር አድርጋ ተኝታለች።

ማርሽ አስገባሁ። እምምም... ዳባት ደረስን፤ ብቆም ትነቃብኛለች ብዬ አለፍኩ። ጉሙ እየሳሳ፣ ሜዳው አረንጓዴ እየሆነ ሄደ። የት እንደምሄድ አላውቅም፤ ግድም አልነበረኝም። ያ ስሰማው የምበሳጭበት ድምፅ አሁን እንዳይቋረጥብኝ ፈርቼ እግሬን ከነዳጁ ላይ አላነሣሁም። የሷ ትንፋሽና የመኪናዋ ጉርምርምታ አንድ ሆነው፣ መንገዱ ራሱ የሚያንቀላፋ መሰለኝ።

አምባ ጊዮርጊስ አካባቢ አንድ የጭነት መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ብድግ አለች።

"የት ደረስን?"

"ዳባትን አልፈናል።"

ውጭውን አየች፤ እኔን አየች፤ ከዚያ ከት ብላ ሳቀች። ከለቅሶው ወዲህ ስትስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

"ዛሬ ይቅር" አለች ዓይኗን እየጠራረገች። "ቤት እንሂድ።"

ደባርቅ ተመልሰን ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፌ ከሥር ገባሁ። ለፊት ጎማዎች ኃይል የሚያስተላልፈውን ረጅም ዘንግ ይዤ ሳወዛውዘው ክሮቸራ የሚባለው መስቀለኛ መገጣጠሚያው ላልቷል፤ ዙሪያውን ቀይ የዝገት ዱቄት ለብሷል። መኪናዋ ከፍ ስትል ዘንጉ ከልክ በላይ ዘምሞ ክሮቸራውን በልቶታል። በማግሥቱ ዘንጉን ፈትቼ በኋላ ጎማዎች ብቻ ነዳኋት፤ ዝም አለች። ጎንደር ያሉት መካኒኮች ክሮቸራውን ቀየሩ፤ ሞላዎቹንም ትንሽ አጠር ባሉ ተኩልኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስንሄድ በመኪናዋ ውስጥ የሚሰማው የባለቤቴ ድምፅ ብቻ ነበር። እናቷ ገበያ ሲሄዱ እጇን እንዴት አጥብቀው እንደሚይዙ፣ ሲቆጡ ስሟን እንዴት እንደሚያሳጥሩት ነገረችኝ። ዳባት ስንገባ "እዚህ ጋ" አለች፤ ቆምኩ።

በሩን ራሷ ከፈተችው። ጎረቤቶቹ ድምፅ ሰምተው መጡ፤ አንዲት አሮጊት "እሰይ፣ መጣሽልን ልጄ!" ብለው አቀፏት። እሷ መስኮቶቹን ከፈተች፤ እኔ ከጎረቤቶቹ መጥረጊያ ተቀብዬ ሣር ወደበቀለበት ግቢ ወጣሁ።