በግፊ የምትነሳው ጂፕ

በስደት በምንኖርበት ሁስቢ በሚባለው ሰፈር፣ ከእኛ ፎቅ በታች የሚኖሩት ሽማግሌ አሮጌ ጂፓቸውን ሁልጊዜ ቁልቁለት ላይ ነው የሚያቆሟት። ሞተሯን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ከሞተ ወዲህ የምትነሳው በግፊ ነው፤ በዚያ ሁሉ በረዶ ስንገፋ የከረምነውም እኛ ጎረቤቶቻቸው ነን። ስማቸውን እንኳ አናውቅም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ቱታ ደርበው ግን ከረባታቸውን ሳይፈቱ፣ ሞተሪኖውን በታትነው ውስጡ ተፍቆ ያለቀውን የካርቦን ቁራጭ ሲቀይሩ አገኘኋቸው።

«ጋራዥ አይሻልዎትም?» አልኳቸው።

«ኦጋዴን በረሃ ነዳጅ ለማግኘት ስንቆፍር ጋራዥ የት ነበር?» አሉና የሞተሪኖውን ሆድ እፍ አሉት።

ገጥመው ሲጨርሱ እኛን ጎረቤቶቻቸውን ጠርተው ጂፗን አስገፍተው ደልዳላው ፓርኬሪንግ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ አቆሟት። ቁልፉን አዞሩ፤ አጓርታ ተነሳች! አጠፏት፤ ደግመው አስነሷት። እኛ ለካ በልማድ እጃችንን ኋላዋ ላይ አሳርፈን ቆመናል።

በጂፗ መስኮት ብቅ አሉ።

«እዚያ ምን ትሠራላችሁ? ግቡ እንጂ!»